ከዳቦ ምድጃ ጭስ ሙቅ ውሃ፦ የ14 ወር አገልግሎት ግምገማ

በጎንደር ከተማ በአዘዞ አቅጣጫ በሚገኝ አንድ መካከለኛ የዳቦ ፋብሪካ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ ሆኜ እሠራለሁ። አምና ኅዳር ላይ በሁለቱ የናፍጣ ምድጃዎቻችን የጭስ ማውጫ ላይ፣ ባክኖ የሚወጣውን ሙቀት ይዞ ውሃ የሚያሞቅ መሣሪያ አስገጥመናል። የሠራው እዚሁ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ማኅበር ነው። በእነዚህ 14 ወራት መሣሪያው ሁለት ጊዜ አስቸግሮናል፣ አንድ ጊዜም አስደንግጦናል፤ ዛሬ ግን ከፋብሪካው ዕቃዎች አንዱ ይነቀል ቢባል አስቀድሜ የምከራከርለት ለእርሱ ነው። ተመሳሳይ ሥራ ለማሠራት የሚያስቡ የዳቦ ቤት፣ የሆቴል፣ የልብስ ማጠቢያና የዘይት መጭመቂያ ባለቤቶች እንዳሉ ስለማውቅ፣ የለካሁትን፣ የከፈልነውንና የተሳሳትነውን ሳልሸሽግ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ምን ያህል ሙቀት ይባክን እንደነበር ልግለጽ። ምድጃዎቻችን ዳቦ የተደረደረበት ጋሪ ውስጣቸው እየዞረ የሚጋግሩ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በሰዓት 7 ሊትር ያህል ናፍጣ ይፈጁ ነበር፤ በአሥር ሰዓት ሥራ ሁለቱ አንድ ላይ 140 ሊትር ማለት ነው። መሣሪያውን ከማዘዛችን በፊት የጭስ ማውጫውን ቧንቧ በስተን ቴርሞሜትር ስናስገባ 280 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አነበብን። ይህ የምድጃው ጉድለት አይደለም። ሙቀት የሚሄደው ከሚሞቀው ወደሚቀዘቅዘው ስለሆነ፣ የምድጃው ውስጥ 230 ዲግሪ እንዲሆን ከተፈለገ፣ ያን ያሞቀው ጭስ ከ230 በታች ሆኖ ሊወጣ አይችልም። አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል አለው፤ ከዚህ ውስጥ በእኛ ስሌት 14 በመቶ ያህሉ ከጭሱ ጋር ይወጣ ነበር። ከ140 ሊትር ውስጥ የ20 ሊትር ያህሉ ሙቀት በየቀኑ ወደ ሰማይ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ ናፍጣ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በቦቴ አገር አቋርጦ ጎንደር የሚደርስ፣ አንዳንድ ሳምንትም ወረፋ ጠብቀን የምናገኘው መሆኑን ሳስብ ቁጥሩ ያንገበግበኝ ነበር።

ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። በአንዱ ጥግ ሙቀት ወደ ሰማይ እየለቀቅን፣ ከዚያ አሥር እርምጃ በማይርቀው ሊጥ ክፍል ውስጥ በመብራት ውሃ እናሞቅ ነበር። ሦስት ቦይለሮች፣ እንዲሁም ሊጡ ኩፍ በሚልበት ክፍል ውስጥ የውሃ ድስት የተጣደባቸው ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃዎች ነበሩን። እናቶቻችን የመጨረሻው እንጀራ ከወጣ በኋላ በምጣዱ ትኩሳት በርበሬ ወይም ድርቆሽ ያደርቃሉ እንጂ ምጣዱ ዝም ብሎ እንዲቀዘቅዝ አይተዉትም። እኛ ግን በፋብሪካ ደረጃ ይህን ሳናስበው ዓመታት አልፈዋል።

መሣሪያው ሲታይ ቀላል ነው። ከጭስ ማውጫው ጋር የተያያዘ፣ ከወፍራም ላሜራ የተበየደ ሣጥን ሲሆን፣ በውስጡ ውሃ የሚዘዋወርባቸው የተጠማዘዙ ቧንቧዎች አሉ። ጭሱ በቧንቧዎቹ መካከል ሲያልፍ ሙቀቱን ለውሃው ይሰጥና ወደ 160 ዲግሪ ወርዶ ይወጣል። ውሃውን አንዲት ትንሽ ፓምፕ 1,000 ሊትር ከሚይዝ ታንከር እያመጣች ትመልሰዋለች። በሣጥኑ ጎን ጥላሸት የሚጠረግበት በር አለ፤ ከበላዩ ደግሞ ሙቀት በማያስፈልግበት ጊዜ ጭሱን በሌላ መንገድ የሚያሳልፍ ክዳን አለ። ማኅበሩ መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ታንከሩ ተራ ሮቶ እንዲሆን ነበር፤ ፕላስቲክ ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለ ሙቀት ስለማይችል አልተቀበልነውም። ከብረት አሠርተን ግላስ ውል በሚባለው የመስታወት ጥጥ ከጠቀለልነው በኋላ፣ ማታ 62 ዲግሪ የተውነውን ውሃ ንጋት ላይ 55 ሆኖ እናገኘዋለን።

ከዚህ የምናገኘው ሙቀት በአሥር ሰዓት ሥራ 1,600 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ የሚያደርስ ነው፤ ወደ 74 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የተወሰነው ለሊጥ ውሃ፣ የተወሰነው ለጣሳና ለትሪ ማጠቢያ፣ የቀረው በቧንቧ እየዞረ ሊጥ የሚያርፍበትን ክፍል ለማሞቅ ይውላል። ሦስቱ ቦይለሮች ዛሬ ለአደጋ ጊዜ ብቻ ተቀምጠዋል። ሁለቱ የኤሌክትሪክ ምድጃዎች ከክፍሉ ወጥተዋል፤ በቦታቸው ሁለት ጋሪ ዳቦ ተጨማሪ ይገባል።

ስለ ሊጡ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ የመሣሪያው ጥቅም ከሁሉ በላይ የታየው እዚያ ነውና። የጎንደር ጠዋት ቀዝቃዛ ነው። በተለይ በክረምትና በጥቅምት ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ እጅ ያደነዝዛል፤ እርሾ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ አይሠራም። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የሊጥ ክፍሉ ኃላፊ ድሮ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየመጡ ቦይለሮቹን ያበሩ ነበር። መብራት ከጠፋ ወይም ከሦስቱ አንዱ ከተበላሸ፣ የመጀመሪያው ሊጥ በአንድ ዓይነት ውሃ፣ ሁለተኛው በሌላ ዓይነት ውሃ ይቦካ ነበር። የጠዋቱ ዳቦ ጠጠር ብሎ የቀኑ ደግሞ ተነፍቶ ሲወጣ ደንበኛ የሚወቅሰው ጋጋሪውን ነው። አዲሱ ውሃ የመጣ ዕለት እትዬ ክርናቸውን ባልዲው ውስጥ ነክረው ጥቂት ቆዩና «ልጄ፣ እኔ ሙቅ ውሃ ብቻ አይደለም የቸገረኝ፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ ውሃ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በዚያው ሳምንት ሙቁንና ቀዝቃዛውን መጥኖ የሚያደባልቅ ቫልቭ አስገጠምን፤ ከዚያ ወዲህ የሊጡ ውሃ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ውስጥ ነው። በክረምት ኩፍ ለማለት አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈልግ የነበረው ሊጥ አሁን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ይህ ቫልቭ በማኅበሩ የመጀመሪያ ዋጋ ማቅረቢያ ውስጥ አልነበረም። መኖር ነበረበት፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚያሠራ ሰው ከመጀመሪያው ይጠይቅ።

አሁን ወደ ችግሮቹ ልምጣ። የመጀመሪያው የተከሰተው ገና ወር ሳይሞላ ነው። የጭሱ መውጫ ሙቀት በየቀኑ ከፍ እያለ፣ የውሃው ሙቀት ደግሞ ዝቅ እያለ ሄደ፤ የሣጥኑን በር ስንከፍት ቧንቧዎቹ እንደ በግ ለምድ ወፍራም ጥላሸት ለብሰው አገኘናቸው። ጥላሸት ሙቀትን እንደ ብርድ ልብስ ይከላከላል፤ ስለዚህ ጭሱ በአጠገቡ እያለፈ ውሃው አይሞቅም። ማኅበሩ ጥፋቱን በናፍጣው ላይ ጣለ፤ እኛ ደግሞ በማኅበሩ ላይ ጣልን። በመጨረሻ ምክንያቱ የራሳችን በርነር፣ ማለትም ናፍጣውን ከአየር ጋር ቀላቅሎ የሚያነደው የምድጃው ክፍል፣ ሆኖ ተገኘ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በርነሮቹ ግን ከፋብሪካቸው እንደወጡ፣ የአየር መግቢያቸው ሳይስተካከል፣ ዓመታት ሠርተዋል። አየር ያነሰው እሳት ናፍጣውን ሙሉ በሙሉ አያቃጥልም፤ ያልተቃጠለው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ድሮም ይወጣ ነበር፤ ወደ ሰማይ ስለሚሄድ ግን አላየነውም። መሣሪያው የቆየ ጉድለታችንን ገለጠልን እንጂ አዲስ አልፈጠረም።

አንድ የበርነር ባለሙያ አስመጥተን የአየር መግቢያውን በጭስ መለኪያ እያየ አስተካከለው፤ አብረን የምድጃዎቹን በሮች ያረጁ ጎማዎች ቀየርን። በዚህ ብቻ የቀኑ ናፍጣ ከ140 ወደ 132 ሊትር ወረደ። ወጪው ከዋናው መሣሪያ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይባልም። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ይህ ነው፦ ከጭሱ ሙቀት ለመመለስ ከማሰባችሁ በፊት በርነራችሁን አስተካክሉ፤ የበራችሁን ጎማ ቀይሩ፤ የሙቅ ቧንቧዎቻችሁን ሸፍኑ። ቀድሞ የማይባክን ሙቀት በኋላ ከሚመለሰው ይረክሳል። አሁን ሣጥኑን የምንጠርገው በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ሥራው ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ሁለተኛው ችግር ሚያዝያ ላይ መጣ። ከሣጥኑ የታች ጠርዝ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ የብየዳ ጉድለት መስሎን ነበር፤ ቧንቧው ተፈትቶ ሲወጣ ግን ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል በመርፌ የተወጋ ይመስል ጥቃቅን ቀዳዳዎች ታዩ። ናፍጣ ሲቃጠል የውሃ ትነት ይፈጠራል፤ በናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝም ተቃጥሎ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ቧንቧው በጣም ከቀዘቀዘ ትነቱ በላዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ድኙም ወደ አሲድነት ይለወጥና ብረቱን ይበላዋል። የእኛ ቧንቧ ተራ ጥቁር ብረት ነበር፤ በየጠዋቱ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ ይገባበት ነበር። ጭሱን ከ160 ዲግሪ በታች አውርደን ተጨማሪ ሙቀት ያልወሰድነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ድኝ የሚበዛበትን፣ ፉርኖ የሚባለውን ከባድ ነዳጅ የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ደግሞ ከእኛ የበለጠ ሊጠነቀቁ ይገባል።

ማኅበሩ በዚህ ጊዜ ያሳየው ሥነ ምግባር የሚመሰገን ነው። ቧንቧዎቹ ስቴንለስ በሚባለው የማይዝግ ብረት ተቀየሩ፤ የዕቃውን ዋጋ እኛ ስንከፍል የጉልበቱን አልጠየቁንም። ከዚህም ሌላ፣ የሞቀው ውሃ በከፊል ተመልሶ ከሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ጋር እንዲቀላቀል የሚያደርግ መስመር ጨመሩ፤ ስለዚህ አሁን ወደ ቧንቧው የሚገባው ውሃ ከ50 ዲግሪ በታች አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ወር አልፏል፤ ባለፈው ሳምንት በሩን ከፍቼ በባትሪ ስመለከት ብረቱ ንጹሕ ነበር። ቢሆንም መሣሪያውን እንደ አዲስ የሚያሠራ ሰው ከመጀመሪያው ስቴንለስ ይዘዝ። በዋጋ ተደራድሮ በጥቁር ብረት መጀመር ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ያስደነገጠን ነገር የተከሰተው በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ በአምናው የጥምቀት ሳምንት ነው። ለጥምቀት ጎንደር ከአገር ውስጥም ከውጭም በሚመጣ እንግዳ ትሞላለች፤ ሆቴሎች የሚያዙት ዳቦ ይበዛል፤ ምድጃዎቻችን በቀን ከአሥር ሰዓት ይልቅ አሥራ ስምንትና ሃያ ሰዓት ይሠራሉ። ጥር 10 ቀን፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወርዱበት በከተራ ዕለት፣ ግማሹ ሠራተኛ ወጥቶ ስለነበር ሙቅ ውሃ የሚጠቀም አልነበረም፤ ምድጃዎቹ ግን ይነዳሉ። ማምሻውን ታንከሩ እንደ ጀበና ይንተከተክ ጀመር፤ በላይኛው ቧንቧም እንፋሎት ወጣ። በጎንደር ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ማኅበሩ ደግሞ የማስጠንቀቂያውን ደወል 95 ላይ አስተካክሎት ነበር። ደወሉ የሚጮኽበት ሰዓት ፈጽሞ አይመጣም ነበር። ታንከሩ ወደ አየር ክፍት የሆነ መተንፈሻ ባይኖረው ኖሮ ነገሩ ከፍ ያለ አደጋ ሊሆን ይችል ነበር። እኔ ራሴ ወደ ጣሪያው ወጥቼ የጭሱን ማሳለፊያ ክዳን በእጄ አዞርኩት፤ ጓንቴ የተቃጠለበት ምልክት ዛሬም አለ። አሁን ደወሉ 80 ላይ ነው፤ ክዳኑም 85 ሲደርስ በራሱ ይዞራል። የዘንድሮው ጥምቀት በሰላም አለፈ። መተንፈሻ የሌለው፣ የታፈነ የሙቅ ውሃ ታንከር ሊሸጥላችሁ የሚሞክር ካለ በጭራሽ አትቀበሉት።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የቧንቧ ውሃ ሲቋረጥ በቦቴ የምናስመጣው የጉድጓድ ውሃ በቧንቧው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ በስድስት ወር አንድ ጊዜ በሲትሪክ አሲድ እናጥበዋለን።

ስለ ዋጋው። መሣሪያው፣ ታንከሩ፣ ፓምፑና ሥራው አንድ ላይ 340 ሺህ ብር አስወጥቶናል፤ የስቴንለሱ ቧንቧ በኋላ የተጨመረ ነው። ማኅበሩ ሲሸጥልን «የናፍጣ ወጪያችሁን በ30 በመቶ ይቀንሳል» ብሎ ነበር። ይህ ትክክል አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ተስፋም ለማንም ሊሰጥ አይገባም። መሣሪያው የምድጃውን ናፍጣ አንድ ሊትር እንኳ አይቀንስም፤ ሙቀቱን የሚወስደው ምድጃው ከተጠቀመበት በኋላ ነውና። የቀነሰልን የመብራት ፍጆታችንን ነው። መብራት ዓመቱን ሙሉ ባይቋረጥ ኖሮ ወጪውን ለመመለስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ቦይለሮቹንና የሊጥ ክፍሉን ምድጃዎች የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተራችን ነበር፤ በጄኔሬተር ውሃ ማሞቅ ደግሞ ከማውቃቸው የናፍጣ አጠቃቀሞች ሁሉ የከፋው ነው። አሁን ጄኔሬተሩ የሚሸከመው ማቡኪያውን፣ በርነሮቹንና መብራቶቹን ብቻ ነው። በዚህ ሲሰላ ገንዘባችን በሁለት ዓመት ገደማ ይመለሳል። መብራት የማይቋረጥበት ቦታ ያለ አንባቢ ይህን የእኔን ሒሳብ ለራሱ እንዳይወስድ አደራ እላለሁ።

ከዚህም የሚበልጥ ጥያቄ አለ፦ የሚመለሰውን ሙቀት በዚያው ሰዓት የሚፈልገው ሥራ አላችሁ ወይ? እኛ ሙቅ ውሃና ሙቅ ክፍል ስለምንፈልግ ተስማማን። ሙቅ ውሃ የማይጠቀም የብረት ማቅለጫ ወይም የጡብ ፋብሪካ ይህንኑ ሣጥን ቢገጥም የሞቀ ታንከር ይዞ ይቀመጣል፤ ለእርሱ የሚሻለው ሙቀቱ ወደ እሳቱ የሚገባውን አየር ወይም ገና ያልተተኮሰውን ጡብ እንዲያሞቅ ማድረግ ነው። የእንፋሎት ቦይለር ላለው ደግሞ ሙቀቱ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ውሃ ቢያሞቅ ይመረጣል፤ የመግቢያው ውሃ በስድስት ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ነዳጁ በአንድ በመቶ ያህል ይቀንሳልና ያኔ በእርግጥ ናፍጣ ይቆጠባል። ከተማችን የቢራና የብቅል ፋብሪካ ያላት ናት፤ ሁለቱም ሥራዎች ከሙቀት ጋር የተያያዙ ናቸው። ብቅል ሲደርቅ ሞቅ ያለ እርጥብ አየር በብዛት ይወጣል፤ በዓለም ላይ በብዙ የብቅል ማድረቂያዎች ያንን አየር በመስታወት ቱቦዎች መካከል አሳልፎ የሚገባውን አየር ማሞቅ የተለመደ አሠራር ነው። ትልቅ የአየር መጭመቂያ ያላቸው ድርጅቶችም ማሽኑ የሚወስደው መብራት አብዛኛው ሙቀት ሆኖ እንደሚወጣ ቢያስተውሉ፣ ከማሽኑ ጀርባ የሚነፍሰውን ሙቅ አየር ለማድረቂያነት ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ማኅበሩን በአገልግሎት ስመዝነው፣ የብየዳ ሥራቸው ንጹሕ ነው፤ ስንደውል ይመጣሉ፤ ጥፋታቸውን ሲያውቁ ያርማሉ። በሦስት ሳምንት እናስረክባለን ብለው ሰባት ሳምንት መፍጀታቸው፣ የሥራውን ንድፍ በወረቀት አለመስጠታቸውና ከሁሉም በላይ ሳይለኩ ተስፋ መስጠታቸው ግን መታረም አለበት። በውል ጊዜ የመግቢያና የመውጫ የጭስ ሙቀት፣ በሰዓት የሚሞቀው ውሃ መጠን፣ የቧንቧው ብረት ዓይነትና የደወሉ ዲግሪ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ የመጨረሻው ክፍያም መሣሪያው በፊታችሁ ተለክቶ እስኪረጋገጥ ይያዝ። እኛ ይህን አላደረግንም ነበር።

እነዚሁ ሰዎች ለሁለተኛ ሥራ ተመርጠዋል። የናፍጣ ጄኔሬተር ከሚፈጀው ነዳጅ ውስጥ ወደ መብራት የሚለውጠው አንድ ሦስተኛ ገደማውን ብቻ ነው፤ የቀረው በጭሱና በራዲያተሩ ይወጣል። የራዲያተሩን ሙቀት ወደዚያው ታንከር ለማገናኘት ተዋውለናል፤ ለእርሱ የሚሆነው መግቢያ በታንከሩ ጎን ላይ ተበይዶ፣ በቡሽ ተዘግቶ ተቀምጧል። ንድፉ በዚህ ጊዜ በወረቀት ተሠርቶ፣ ማኅተም አርፎበት፣ በጠረጴዛዬ ላይ አለ።